ገንፎው ከተበላ በኋላ

ሰኔ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ሰበታ

ዛሬ ከእጄ መርፌና ፋሻ ወስደው ወረቀትና እርሳስ አስያዙኝ። ዶክተር ገብረየስ ከአዲስ አበባ እዚህ ጤና ጣቢያችን ድረስ መጥተው፣ "ሲስተር ውብአየሁ፣ ይህን ክረምት የምትቆጥሪልኝ ነገር አለ" አሉኝ። ምን ልቁጠር ብላቸው፣ "የሞቱ እናቶችን።" በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባለፈው አምስት ዓመት ስንት ሴት በእርግዝናና በወሊድ እንደሞተች የሚያውቅ የለም። ካልታወቀ ደግሞ አዋላጅ ነርስም፣ የማዋለጃ ክፍልም የሚሰጠን የለም። "ያልተቆጠረ ሰው እንዳልሞተ ነው የሚታየው" አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ግን መነጽራቸውን እየጠረጉ ስለሆነ ዓይናቸውን አያሳዩም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ዶክተር፣ ሰው ከብቱን እንኳ ሲቆጥሩበት አይወድም፣ የቀበረውን ልቆጥርበት?" አልኳቸው። ሳቁ። ሹፌሩ ዳኜ ግን አልሳቀም። "እኔ ሙታን ቆጣሪ ጭኜ አልዞርም፤ መጀመሪያ ላንድሮቨሩ ጠበል ይረጭ" አለ። ክረምቱን ከዚህ ሰው ጋር መግፋቴ ነው። አይ እኔ!

እህቴ የሺወርቅ ቡራዩ ናት፣ ባሏ ቤት። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናት ስለሌለን ደግሞ እናቷ እኔ ነኝ፣ ቤቷም ይቺ የኪራይ ክፍሌ ናት። ግን ቀኑን ሙሉ በመኪና ስዞር ማን ይጠብቃታል? ለጊዜው አማቷ ዘንድ ትሁን ብያለሁ። ለጊዜው ነው።


ሰኔ 14

ሰበታ ውስጥ የማውቀውም የማላውቀውም ቤት ገባሁ። "በዚህ ቤት ባለፉት አምስት ዓመታት በወሊድ ምክንያት የሞተች ሴት ነበረች?" ይላል ወረቀቱ። እኔም እንደ ዳዊት ደጋሚ እሱኑ እደግማለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ "የለችም፣ ማርያም ትመስገን።" ከዚያ ተቀመጪ፣ ቅመሺ ነው። ሆዴ ሳልወድ በግድ ጠላና ቆሎ ሆኖ ዋለ።

አንዲት ባልቴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "አንቺስ ወልደሻል?" አለችኝ። አልወለድኩም አልኳት። "እሱን ሳታውቂ ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂ?" ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው!


ሰኔ 21፣ ማርያም

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ቡራዩ ልሄድ ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ልሂድ ብል ኖሮ ከአስፋልቱ በኋላ በእግር ይደረስ ነበር። ስለዚህ ዝናቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ለማርያም ስል ነገ።


ሰኔ 28

ነገም አልሄድኩም።

ዶክተር የሦስት ሳምንት ሥራዬን አገላብጠው፣ "ሲስተር፣ በዚህ ወረቀት መሠረት የሰበታ ሴቶች ከስዊድን ሴቶች ይሻላሉ" አሉ። "እንኳን ደስ አለን" አልኳቸው። እሳቸው ግን የደስታ ፊት አልነበራቸውም። ሁለት ሴት ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቱም ምጥ ላይ እያሉ፣ ልጁ ሳይወጣ የሞቱ። "እንዲህ ከሆነ አንድ አልጋም አያስፈልጋችሁም ይሉናል" አሉና መነጽራቸውን ጠረጉ።

ዳኜ በመንገድ ላይ፣ "ታዲያ ሰው ካልሞተ ምን አስለቀሳችሁ?" አለን። ያለ ነገር አይናገርም ይህ ሰው፤ እኔ ግን ዝም በል አልኩት።


ሐምሌ 3፣ ከቡራዩ ተመልሼ

የሺወርቅን አየኋት። ተመስገን። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ እግሯ አላበጠም፣ የደም ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ሆዷ ላይ ጆሮዬን ስደፋ ያ ልጅ በእግሩ መታኝ። "ወንድ ነው፣ ባለጌ ነው" አልኳት። "አክስቱን መስሎ ነዋ" አለችኝ። ከኔ ነው የተማረችው፣ ማንን ልቆጣ።

አማቷ አዴ በቀለች ሲያዩኝ፣ "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" ብለው ሦስቴ ሳሙኝ። ለየሺ ወተቱን ራሳቸው አልበው፣ ጨርሳ እስክትጠጣ ፊቷ ይቆማሉ። ውሃ አያስቀዷትም፣ ጎንበስ አያስብሏትም። ባሏ ደቻሳ እናቱ በተናገሩ ቁጥር "እሺ እማዬ" ይላል እንጂ ሌላ ቃል ያለው አይመስልም። እህቴ እኔ ዘንድ ብትሆን ይህን ያህል እንክብካቤ አታገኝም፤ እኔ ሥራ ሥራ እያልኩ ሽሮ አሳርሬ ነበር የማበላት። እግዜር ይስጣቸው። ደህና እጅ ላይ ናት።

ደህና እጅ ላይ ናት።


ሐምሌ 9፣ ሱሉልታ

እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይበላል። ኦቦ ገርባ የሚባሉ ገበሬ ቤት ገባን። ሁለት ልጆች እሳት ዳር፣ ትንሹ ገና ድክ ድክ ይላል። ጥያቄዬን ጠየቅሁ። "በወሊድ? የለም። ሚስቴስ በሰላም ነው የተገላገለች፤ እልል ተብሏል፣ ገንፎውም ተበልቷል፤ ማርያም ትመስገን። ኋላ ነው ምች የመታት" አሉ። ነፍስ ይማር ብዬ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሲሸኙኝ ለመንገድ ብለው ድንች በከረጢት ሰጡኝ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲሰጥ ማፈር ነው።

ምች ክፉ ነው። የኛንም እናት የበላት እሱ ነው። የሺወርቅ ያኔ ገና ክርስትና አልተነሳችም።

ደከመኝ። እርጥብ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት፣ ኧረ ገና አልተኛሁም፣ እየጻፍኩ ነው።


ሐምሌ 11

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ልሞክር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ዶክተር ወረቀት ሲያነቡ ኦቦ ገርባ ላይ ደረሱ። "ይቺ ሴትዮ ስትሞት ስንት ቀኗ ነበር?" አሉኝ።

"ከምኑ?"

"ከወለደች።"

"ሳምንትም አልሞላት። ግን ወሊዱ ደህና ነበር፤ የገደላት ምች ነው።"

"ምች" አሉ ዶክተር፣ ቀስ ብለው።

ነደደኝ። "አዎ ምች! ውጭ አገር ሲማሩ ረሱት እንዴ? አራስ ፀሐይ ላይ ስትወጣ የሚመታት! የኔም እናት በምች ነው የሞተችው" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁና ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ዓይናቸው አዩኝ። "እናትሽ ምን ላይ ሆና ነው ሲስተር?"

"የሺወርቅን ወልዳ . . ."

እዚያ ላይ ቆምኩ። ዶክተር ሻይ ቀድተው ፊቴ አስቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ለዚህች ደግነታቸው እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

ነርስነት ስማር "የወሊድ ትኩሳት" የሚል ምዕራፍ ነበረ። ምልክቱን በእንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄዋለሁ፤ በፈተናው ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት በሱ ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ሕመም፣ የሚሸት ደም፣ መቃዠት። እናቴን ብርድ ብርድ ይላት ነበር። ሆዴን፣ ሆዴን ትል ነበር። ቤቱ ስለሚሸት ጠጅ ሣር ይጎዘጉዙ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ይዣት እያለሁ፣ "ውቤ የት ሄደች? ውቤን ጥሩልኝ" ትል ነበር። ይህን ሁሉ ከዚያ ምዕራፍ ጋር አንድ ቀን አላገናኘሁትም። ምዕራፉ ትምህርት ቤት የቀረ ነገር ነው፤ ምች ደግሞ የቤታችን ነው።

ለምን ሁሉም "የለችም" እንደሚል አሁን ገባኝ። ሴት ተገላግላ እልል ከተባለላት፣ ገንፎው ከተበላ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ከተባለ በኋላ ወሊድ ገደላት ማለት ማርያም አልማረቻትም ማለት ነው። ተመስገን ብሎ የበላውን ገንፎ ማን መልሶ ይተፋዋል? ስለዚህ ምች ይባላል፣ መጋኛ ይባላል፣ የሰው ዓይን ይባላል። ማንም አልዋሸኝም። ከአምላክ እናት ጋር ላለመጣላት ነው። እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን ያደረግሁት ምንድን ነው?


ሐምሌ 12

ዛሬ ምንም አልጽፍም። የሺወርቅ ስምንት ወሯ ነው።


ሐምሌ 17፣ ሱሉልታ

ጥያቄውን ቀየርነው። ዶክተር ከወለደች በስድስት ሳምንት ውስጥ የሞተች ሁሉ ትቆጠራለች ይላሉ፤ የኛ ሰው ደግሞ የአራስ መቃብር እስከ አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል ይላል። "በሁለት ቀን ነው የምንለያየው፣ ምን ያጣላናል" አልኳቸው። አሁን "ማን ሞተ" አልልም። "ባለፈው አምስት ዓመት ገንፎ የበላችሁላቸውን ሴቶች ንገሩኝ" እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይነግሩኛል። ከዚያ፣ "ልጁ ክርስትና ሲነሣ እናቱ ነበረች?"

ያኔ ነው የሚመጣው። ማሪቱ የምትባል ጠላ ሻጭ፣ ጎረምሳ የምታስፈራ ሴት፣ እየሳቀች ስትዘረዝርልኝ ቆይታ እዚያ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። "ኧረ እሷማ የታለች! ልጁን ታቅፌ የሄድኩት እኔ ነኝ" አለች። ከዚያ ሌላ ትዝ አላት። ከዚያ ሌላ። ስማቸውን ስትጠራ እያንዳንዷን በመልክ ታስታውሳለች፤ አንዷ ጥርሰ ፍንጭት፣ አንዷ ዘፋኝ፣ አንዷ ለማሪቱ ጌሾ ያበደረች። ስጨርስ አመሰግናለሁ ልላት ስል ቀደመችኝ። "እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ስማቸውን የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም" አለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም። ዳኜ ከውጭ ጥሩምባውን ሲነፋ ሁለታችንም ሰደብነው።

ሰበታንም እንደገና መዞር ነው። ኦቦ ገርባንም ይቅርታ ጠይቄ ሚስታቸውን ጻፍኳት።


ሐምሌ 26፣ ቡራዩ

የሺወርቅን ልወስዳት ሄድኩ። ዕቃዋን ሁሉ በሐሳቤ ጭኜ ነበር።

"የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው፣ እማማ፤ ወጉ ነው። ከኔ ዘንድ ደግሞ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው" አልኳቸው።

አዴ በቀለች፣ "ቤትሽ ማን አለ? ቀን ቀን አንቺ የለሽ፤ ለማን ትታ ልታምጥ ነው፣ ለግድግዳው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚያ ነው ያናደደኝ። "እዚህ እኔ አለሁ። አይኔን ከሷ ላይ አልነቅልም፣ ማሎ፣ እባክሽ" አሉ።

ደቻሳን አየሁት፤ እናቱን አየ። የሺን አየኋት፤ "እትዬ፣ ተይ በቃ፣ ደህና ነኝ" አለች። ትቼ መጣሁ። ጎትቼ መውሰድ ነበረብኝ። ሥራዬን ለጊዜው ልተው እችል ነበር። ዶክተር እምቢ አይሉም ነበር። አልጠየቅኋቸውም እኮ! ለምን አልጠየቅኋቸውም? ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ?

ፈርቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ነርስ ነኝ። ብዙ ሴት በሰላም ትወልዳለች።


ነሐሴ 5

ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ መጣሁ። እመቤቴን ምንም አልለመንኳትም፤ ሳልነግራት ይገባታል። አፌን ሞልቼ ብጠይቃት ያን ጊዜ እንደ ፈራሁ ታውቅብኛለች።


ነሐሴ 11

ወለደች! ወለደች! ወንድ!

ዳኜ ነው ወሬውን ሰምቶ ሱሉልታ ድረስ የመጣው። "ሙታን ቆጣሪዋ፣ ዛሬ ሕያው ቁጠሪ!" ብሎ ጮኸ፤ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ በር ላይ ቆመው እልል አሉልኝ። ተሳስሜ ሳልጨርስ ቡራዩ ደረስኩ። የሺዬ ፈገግ ብላ ተኝታለች፣ ልጁ ቀይ፣ ቁጡ፣ ጠጉራም። የሰፈሩ ሴቶች ስለሚጾሙ ገንፎአቸውን በኑግ ዘይት፣ የሷን በቅቤ አድርገው ቤቱን ሞልተውታል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አልኳት። እኔም በላሁ። አዴ በቀለች ደግሞ፣ "ብይ ልጄ፣ ብይ" አሉኝ።

ሆዷን ዳስሼ፣ ደሟን አይቼ፣ አዋላጇን የእንግዴ ልጁ ወጣ ወይ ብያት "ወጥቷል" ብላኝ ነው የተመለስኩት። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።


ነሐሴ 15፣ ቡራዩ

ትኩሳት። ሆዷ። ይሸታል። አዴ በቀለች ምች ነው አሉ።

እየሄድን ነው።


ነሐሴ 16፣ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ

ጾሙ ዛሬ ተፈታ። ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሷ አልነቃችም። ካልጻፍኩ እጮሃለሁ፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ትናንት ቡራዩ የደረስኩት በአውቶቡስ ነው። አዴ በቀለች በሩ ላይ፣ "ቀስ በይ፣ ንፋስ እንዳይገባ" አሉኝ። ምን ሆነች ስላቸው፣ "ምች ነው። ትናንት ፀሐይ ብልጭ ሲል ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ዳማ ከሴ አሽቼላታለሁ፣ ይለቃታል" አሉ። ስገባ ቅጠሉ ይሸታል፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላው ሽታ። እጇ ያቃጥላል። ሆዷን ስነካት ጮኸች። ከዚያ ቀና ብላ ፊት ለፊት አየችኝና፣ "እትዬን ጥሩልኝ፣ እትዬ ውቤ የት ሄደች?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። "ምች አይደለም! ልትገድያት ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። አንቱታው ጠፍቶብኝ ያንን ሁሉ እንክብካቤ ያደረጉላትን አሮጊት "አንቺ" አልኳቸው።

"ማሎ!" አሉ፣ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው። "አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ይቺን ደጃፍ አትሻገርም! ማርያም የማረቻትን አንቺ ነሽ የምትገድያት!" ደቻሳ መሐላችን ቆሞ፣ "እትዬ ውብአየሁ፣ ትንሽ እንይላት፣ እማዬ ታውቃለች" ይላል። ልጁ ያለቅሳል።

ያኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እማማ፣ ለኛም እናት እልል ተብሏል። ገንፎዋን እኔም በልቻለሁ። እሷም እንዲህ ነው ያቃጠላት፤ እሷም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ውቤን ጥሩልኝ ብላኛለች። እኛም ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ አሸንላት። አፈር ከለበሰች ይቺ ልጅ የተወለደችበትን ያህል ዘመን ሆናት። ማርያም ማረቻት፤ እኛ ነን ማርያም ያዳነቻትን ቁጭ ብለን ያየናት!"

አዴ በቀለች ወደ ደቻሳ ተመለከቱ፤ ብዙ አዩት፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ። ምን እንዳዩበት አላውቅም። ከዚያ ቡሉኳቸውን አውልቀው የየሺን ራስና አንገት ጠቀለሉ፣ ፀሐይ እንዳያገኛት፤ ትንሽ ቢላዋ እጄ ላይ አድርገው፣ "ብረት አይለያት" አሉኝ። ወደ ደቻሳ ዞረው፣ "ምን ተገትረሃል? ተሸከማት!" ብለው ጮሁበት። ልጁን ራሳቸው አዝለው፣ በዚያ ጭቃ ከኛ ቀድመው አስፋልት ደረሱ።

ከአምቦ የሚመጣ የጭነት መኪና አስቆምን። ሹፌሩ አንዴ አያትና ምንም ሳይጠይቅ ጋቢናውን ለቀቀልን፤ ረዳቱን ጭነቱ ላይ አወጣው። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ባየ ቁጥር፣ "ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ" እያለ እሷን ነበር ይቅርታ የሚለው። ሆስፒታሉ በር አድርሶን ሊሄድ ሲል ስሙን ጠየቅሁት። አህመድ። አህመድ፣ የትም ሁን፣ እናትህ ትባረክ።

ቁራጭ የእንግዴ ልጅ ቀርቶባት ኖሯል። አወጡላት። ፔኒሲሊን ጀመሩላት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሟ ያለኝን አልጽፈውም። "ደግ አደረጋችሁ" ብሎ ነው የጀመረው፤ የቀረውን አልሰማሁትም ልበል።

አዋላጇን "ወጣ ወይ" ብዬ ቃሏን አምኜ ሄድኩ። በዓይኔ አላየሁም። ገንፎ እየበላሁ ነበር።


ነሐሴ 17

ትኩሳቱ እንዳለ ነው።

አዴ በቀለች ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ዘበኛው ሊያስወጣቸው መጥቶ ቀና ብለው ሲያዩት ተመለሰ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል፣ "ዝም በይ፣ ለዚያ ጊዜ የለንም" አሉኝ።

ከጎኗ ያለችው ወላድ ልጃችንን ከልጇ ጋር አጠባችው። ሁለቱንም በሁለት ክንድ። ሳልለምናት።


ነሐሴ 18

ጥቂት ውሃ ጠጣች።


ነሐሴ 19

ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። "እትዬ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? አልታጠብሽም?" አለችኝ።

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሰው አበደች ብሎ ይሆናል። ይበል! አልታጠብኩም፣ አዎ! አራት ቀን ሙሉ አልታጠብኩም! የኔ እመቤት፣ ሳልለምንሽ የሰጠሽኝ፣ ምን ብዬ ልክፈልሽ።


ጳጉሜን 3፣ ሰበታ

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቡራዩ፣ ወደ ራሷ ቤት። አልተከራከርኩም።

ዶክተር ቆጠራውን ዘጉ። ከሁለት ሴት ተነስተን ሃያ ሦስት ደርሰናል፤ ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ገንፎአቸው የተበላ ናቸው። ሪፖርቱን ለበላይ ሲያነቡት አንድ ትልቅ ሰው፣ "ሕዝቡ ምች ካለ ምች ነው፣ ምን አስጨነቀዎት?" አሏቸው አሉ። ዶክተርም፣ "አንዲት አራስ በምች ተይዛ መጥታ በፔኒሲሊን ዳነች፤ ፔኒሲሊን ከመቼ ወዲህ ምች ያባርራል?" ብለው መለሱ። ማዋለጃ ክፍሉ ይሰጠን አይሰጠን ገና አልታወቀም። አዋላጅ ነርስ ግን ትመጣለች ተብሏል፣ አንዲት። አንዲትም ቢሆን ተመስገን። ሄጄ እጃቸውን ልስም ስል ሸሹኝ፤ ትከሻቸውን ሳምኩ።


መስከረም 15 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ቡራዩ

ዛሬ ልጃችን ክርስትና ተነሣ። የሺወርቅ ቀጥናለች፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ግን በራሷ እግር ሄዳ በራሷ እግር ተመለሰች። እልል ማለት አልችልበትም፣ ድምፄ ይሰነጠቃል። ዛሬ ግን እልል አልኩ፤ ዳኜ እንኳ አልሳቀብኝም፣ ጋቢውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ነበር።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዴ በቀለች መጥተው አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ያ ወረቀትሽ የታለ?" አሉኝ።

"አለቀ እማማ። ዶክተር አስገቡት።"

"ሰበታን ጠየቅሽ። ሱሉልታ ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ። እዚህም የጎረቤቶቼን ደጅ ሁሉ አንኳኳሽ። የኔን ዘለልሽ።"

እውነት ነው፣ ዘልያለሁ። "የጋብቻ ቤት ነው፣ ነውር ይሆናል ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ነውሩ አለፈ። በይ አሁን ጠይቂኝ።"

እርሳስ አልያዝኩም ነበር። ቢሆንም እንደ ልማዴ ጠየቅኋቸው። "እዚህ ቤት ገንፎዋ ተበልቶ፣ ልጇ ክርስትና ሲነሣ ያልነበረች ሴት አለች?"

"አለች።"

"ስሟ ማን ነው?"

"ገለቴ። ልጄ ናት። ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ነበረች።"

"ምን ሆና ሞተች?"

አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ለሰው መናገር የለመዱትን ቃል፣ ምች የሚለውን፣ ሲውጡት አየሁ። "በወሊድ" አሉ። "ልጄን በወሊድ ነው ያጣኋት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን በአፌ ብዬው አላውቅም።"

ለማንም ያልቸገረኝ የመጨረሻው ጥያቄ ለሳቸው ቸገረኝ። "ልጇስ፣ እማማ? ተረፈ?"

በአገጫቸው ወደ ግቢው አመለከቱኝ። ደቻሳ የተበደርነውን አግዳሚ ወንበር በአንድ እጁ እየሰበሰበ፣ በሌላው ልጁን ታቅፎ ቆሟል።

"ያው" አሉኝ። "ያውቃል። እማዬ የሚለኝ ወዶ ነው።"

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ብዙ አልቆዩም። እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ከበሩ ላይ ሆነው ጮሁበት።

"አንተ! ልጁን ብርድ ልታስመታው ነው? ሂድ፣ ለእናቱ ስጣት!"